አምስት ቦኒቶ መቶልኝ አራቱ አመለጡኝ፤ ቀጭኑን ዘንግ ልተወው?

አዲስ ዘንግ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የሆነው ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።

እስካሁን ቦኒቶ የማጠምደው በወፍራም ዘንግ ነበር። ጀልባው እየሄደ ከኋላ ክር መጎተት። ዓሣው ይይዛል፣ ዘንጉ ትንሽ ጎንበስ ይላል፣ ጠቅልዬ አወጣዋለሁ። በቃ። እውነቱን ለመናገር ከባልዲ ውስጥ ዓሣ ከማንሳት ብዙም አይለይም ነበር።

ከወር በፊት ግን ቀጭን ዘንግ ገዛሁ። ርዝመቱ 2.1 ሜትር ነው፤ ከ10 እስከ 30 ግራም ለሚመዝን ማጥመጃ የተሠራ። ሪሉ፣ ማለትም የክሩ መጠቅለያ፣ ቁጥር 4000 ነው። ክሩ 7 ኪሎ የሚችል ብሬይድ (የተጎነጎነ ክር)፣ ጫፉ ላይ ደግሞ 9 ኪሎ የሚችል የፍሎሮካርቦን ሊደር (ከማጥመጃው ጋር የሚያያዝ አጭር ክር) አለው።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሳይቀድ ከጓደኛዬ ጋር ወጣን። ወፎቹ ውሃው ላይ ይወረወራሉ፣ ይነሳሉ፣ ደግሞ ይወረወራሉ። ከሥራቸው ባሕሩ እንደ ፈላ ድስት ይንተከተካል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ዓሣ አምስት ጊዜ ማጥመጃዬን መታኝ።

የመጀመሪያው እንደያዘ በረረ። ክሩ ሊያልቅብኝ ነው ብዬ ክሩ ሲወጣ የሚይዘውን የሪሉን ፍሬን ጠበቅ፣ ጠበቅ አደረግኩት። ጧ! አለ። የቀረኝ ባዶ ክር ነው። በሁለተኛው ጊዜ ብልጥ ልሁን ብዬ ፍሬኑን ከመጀመሪያው አጥብቄ ጠበቅኩት። ገና ሲመታ ብሬይዱና ሊደሩ የተቋጠሩበት ቦታ ላይ ተበጠሰ። ሦስተኛው ጀልባው አጠገብ ደርሶ ነበር። ጀርባው ላይ ያሉት ጥቋቁር መስመሮች ሳይቀሩ ታይተውኛል። ዘንጉን ወደ ላይ አንስቼ ላቀርበው ስል መንጠቆው ወለቀ። አራተኛው ደግሞ ምንም ሳልጎትተው ጠፋ። ሊደሩን ሳየው በመቀስ የተቆረጠ ነው የሚመስለው።

አምስተኛው ገባ። ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። ከወፍራሙ ዘንግ ጋር ስንቱን እንዲህ ያለ ዓሣ አውጥቼ ረስቼዋለሁ። ይሄኛው ግን ከገባ በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፍሬኑ ሲጮህ የነበረው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ጓደኛዬ «ወፍራሙን ያዝና ተገላገል» ይለኛል። ምን ትላላችሁ? ከአምስት አንድ ማውጣት የተለመደ ነው? ወይስ እኔ ነኝ የማበላሸው?

ጨው ውሃ

ሰላም አዲስ ዘንግ። ጓደኛህ ልክ ነው ባይ ነኝ። እኔ 15 ኪሎ ከሚችል ክር በታች ይዤ ባሕር አልወጣም።

የሚያሳስበኝ ስንት ዓሣ ወደ ቤት እንደተወሰደ አይደለም። ከነገርከን ውስጥ ሦስቱ አፋቸው ላይ ብረት እንደያዙ ሄደዋል። አንዱማ ረጅም ክር እየጎተተ ነው የሄደው። እኛ እንድንደሰት ብለን ዓሣውን እንዲህ ማድረግ ይከብደኛል። በቀጭን ክር ግማሽ ሰዓት ማንገላታትም ልክ አይመስለኝም። ክርህን አወፍረው፣ ቶሎ አውጣው።

የንጋት ጀልባ

ወንድሜ አዲስ ዘንግ፣ ዘንግህን አትተወው። ጨው ውሃ ያነሳውም ነገር ተራ ነገር አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

ቦኒቶን በቀጭን ክር ስከተል 17 ዓመት ሆነኝ። ከሱ አሥር እጥፍ የሚከብዱ ዓሣዎችም ይዣለሁ። ግን ነገ ጠዋት የፈለግከውን ዓሣ አጥምድ ብባል ምርጫዬ ያው ነው። ሁለት ኪሎ ሆኖ እንደዚህ የሚጎትት ሌላ ዓሣ አልገጠመኝም።

ለምን እንዲህ እንደሚጎትት ላጫውትህ። ይሄን ስታውቅ ያመለጡህ አራቱም ይገቡሃል።

ቦኒቶ የቱናና የማኬሬል ዘመድ ነው። ብዙ ዓሣዎች ውስጣቸው የአየር ከረጢት አላቸው፤ ሳይዋኙም ባሉበት ተንሳፈው ይቆያሉ። ቦኒቶ ይሄ ከረጢት የለውም። መዋኘት ካቆመ ይሰምጣል። የሚተነፍሰውም አፉን ገርበብ አድርጎ ሲዋኝ ውሃው በስንጥቡ፣ ማለትም ከጭንቅላቱ ጎን ባለው መተንፈሻው፣ በኩል ስለሚያልፍ ነው። ስለዚህ ቀንም ሌትም አይቆምም። ቅዳሜ የያዝከውን ጅራቱ ሥር ጨብጠኸው ከነበረ ትዝ ይልሃል፤ ቀጭን ነው፣ ግን እንደ ሽቦ የጠነከረ ነው። ግራና ቀኙ ላይ እንደ ጠርዝ ያለ ነገር ጣትህን ይነካዋል። የጀርባውን የፊት ክንፍ ደግሞ ሲሮጥ አጥፎ ጀርባው ላይ ያለ ስንጥቅ ውስጥ ይከተዋል። ውሃውን የሚይዝ ነገር እንዳይኖር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፍጥረት ሲደነግጥ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ ቀጥ ብሎ መሮጥ።

ያንን የመጀመሪያ ሩጫ ማንም አያቆመውም። አንደኛውና ሁለተኛው ዓሣህ የሄዱት ልታቆማቸው ስለሞከርክ ነው።

እኔም በጀመርኩ ሰሞን እንዳንተው ነበርኩ። አንድ ጠዋት አንድ አዛውንት ጀልባቸው ላይ ይዘውኝ ወጡ። መታኝ። ክሩ ይወጣል፣ ይወጣል። የጥቅልሉ ታች ሊታየኝ ሲደርስ እጄ ወደ ፍሬኑ ሄደ። አዛውንቱ ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን እጄ ላይ ጫኑ። ሻካራ፣ በጨው የደረቀ እጅ ነው። ከዚያ ፍሬኑን ወደ ግራ ቀስ አድርገው ግማሽ ዙር አላሉት። «ልጄ፣ ይሂድ። የሚመለስበት ሌላ መንገድ የለውም፤ ክሩ ካንተ ጋር ነው» አሉኝ። ዓሣው ሌላ ሃያ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ቆመ። ያን ጊዜ የገረመኝ ነገር እስካሁን አይረሳኝም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሪልህ ላይ ክሩ ሙሉ ሲሆን ጥቅልሉ ሰፊ ነው። ዓሣው ክር በወሰደ ቁጥር ጥቅልሉ እየጠበበ ይሄዳል። ጠባብ ጥቅልል ለማዞር የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ፍሬኑን ሳትነካው ክሩ ላይ ያለው ጫና በራሱ ይጨምራል ማለት ነው። የጥቅልሉ ወርድ ግማሽ ሲሆን ጫናው እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ ረጅም ክር ውሃ ውስጥ ሲጎተት ውሃው ራሱ ይይዘዋል። አንተ ደግሞ ከላይ አጠበቅክበት። ክሩ ምን ያድርግ?

ስለዚህ ዓሣው ሲርቅ ፍሬን ይላላል እንጂ አይጠብቅም። ሲመለስልህና ጥቅልሉ ሲሞላ ወደነበረበት ትመልሰዋለህ።

አሁን ዛሬ ማታ የምታደርገውን ልንገርህ። የእጅ ሚዛን ፈልግና የክሩን ጫፍ እሰርበት። ሚዛኑን ሌላ ሰው ይያዝልህ። ዘንግህን በደንብ እስኪጎብጥ ሳበው። ሚዛኑ 1.7 ኪሎ አካባቢ ሲያሳይ ክሩ መውጣት ይጀምር፤ የክርህ አቅም ሩብ ነው። በጣት ጎትቶ «ይበቃዋል» ማለት አይሠራም። ጣት ይሳሳታል። ብዙ ሰው በጣቱ ገምቶ 3 ኪሎ፣ 4 ኪሎ ላይ ነው የሚተወው። ሌላም ተመልከት፤ ክሩ ሲጀምር ነከስ ሳያደርግ ለስለስ ብሎ መውጣት አለበት። መጀመሪያ ላይ የሚይዝ ሪል ከሆነ ለዚህ ዓሣ አይሆንም። ቦኒቶ ከዝግታ ወደ ሙሉ ሩጫ ለመሄድ ጊዜ አይወስድም።

ቋጠሮህንም እየው። ከማጥበቅህ በፊት በምራቅ አርጥበዋለህ? ደረቅ ሊደር ሲጠብቅ በሰበቃ ይሞቃል፤ የሞቀ ቦታ ደግሞ ይደክማል። እኔ በበኩሌ ሁልጊዜ ከቋጠርኩ በኋላ ብሬይዱን በጨርቅ እጄ ላይ ጠቅልዬ ኃይለኛ ሳብ አደርገዋለሁ። መበጠሱ ካልቀረ እጄ ላይ ይበጠስ።

ሦስተኛው ዓሣ በጣም አሳዘነኝ፤ በጣም የተለመደ ነው። ብሬይድ አይለጠጥም። በሩቁ ችግር የለውም። አጠገብህ ሲደርስ ግን በአንተና በዓሣው መካከል ያለው መለጠጫ የዘንጉ ጫፍ ብቻ ነው። ዘንጉን ወደ ሰማይ ስታነሳው እሱንም አጣኸው። መንጠቆው የገባበት ቀዳዳ እስከዚያ ድረስ ሰፍቷል፤ አንዴ ሲወራጭ ወለቀ። ጀልባው አጠገብ ሲደርስ ዘንጉን ዝቅ አድርግና ወደ ጎን ያዘው። ጎትቶ ማንሳት አያስፈልግም። ከጀልባው ሥር ክብ እየሠራ መዞር ይጀምራል። ዙሩን ተከተለው። ጭንቅላቱ ወደ አንተ በሚዞርባት ሰዓት ብቻ ጠቅልል፤ ጀርባውን ሲሰጥህ ተወው። በየዙሩ አንድ ክንድ፣ ግማሽ ክንድ ይቀርባል። መረቡ ውሃው ውስጥ ቀድሞ ይግባና ይጠብቀው። ዓሣው ወደ መረቡ ይምጣ እንጂ መረቡ ዓሣውን አያሳድድ።

አንዳንዴ ደግሞ እየሮጠ ዞሮ ቀጥታ ወደ አንተ ይመጣል። ክሩ ላላ ይልብሃል። ሄደ ብለህ ተስፋ አትቁረጥ፤ እጀታውን ባለህ ፍጥነት አዙር። አንተ «አጣሁት» ብለህ ከቆምክ ያን ጊዜ ነው በእውነት የምታጣው።

አሁን ወደ ጨው ውሃ። ወንድሜ፣ ግማሽ ሰዓት ማንገላታት ያልከውን እኔም አልወደውም። ነገር ግን 2 ኪሎ የሚመዝን ዓሣ በ7 ኪሎ ክር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በትክክል ከተያዘ አራት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ ነው። ለኔ 7 ኪሎ ወለሉ ነው። በ3 ኪሎ ክር ይዘው «ቀጭን ነው» የሚሉ አሉ፤ እነሱን አልከተልም። ቀጭን ማለት ዓሣው የሚሰማህ፣ አንተም የምትችለው ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ጨው ውሃ እንዳለው ማንገላታት ነው።

ደግሞ ቀጭን ክር ለደስታ ብቻ አይደለም። ቦኒቶ የሚያሳድደው ትናንሽ ዓሣ ነው፤ ሰርዲን፣ አንቾቪ። የጣትህን የሚያህል ነገር። እሱን የሚመስል 20 ግራም ጂግ፣ ማለትም የብረት ማጥመጃ፣ በወፍራም ክር ወርውርና እየው። አይርቅም። ቀጭን ብሬይድ ነው ሃምሳ ሜትር የሚወስድልህ። ውሃው ሲጠራ ደግሞ ወፍራም ሊደር ይታየዋል። ዓይኑ ስል ነው። ስንት ጠዋት ነው መንጋው መሐል ወርውረው ምንም የማይነካቸውን ሰዎች ያየሁት፤ ሊደራቸው እንደ ገመድ ወፍራም ነበር።

መንጠቆህ ባለ ሦስት ከሆነ ቀይረው። አንድ ነጠላ መንጠቆ አድርግለት፤ ትንሿን የኋላ ጥርሱንም በፒንሳ ጨፍልቃት። ክሩ እስካልላላ ድረስ አይወልቅም። ቢበጠስብህ እንኳ ዓሣው ቶሎ ሊያራግፈው ይችላል።

ከቋጥኝ ላይ

የንጋት ጀልባ ስለ ፍሬን ያለውን ሁሉ ደግሜ እፈርማለሁ። እኔ ጀልባ የለኝም፤ የማጠምደው ከባሕር ዳር ቋጥኝ ላይ ነው። ስለ አራተኛው ዓሣ ልጠይቅህ። በእርግጥ ቦኒቶ ነበር?

የምጠይቅህ ብዙ ሰው አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሦስት ዓሣዎችን በአንድ ስም ስለሚጠራ ነው። ቦኒቶ መስመሮቹ ያሉት ጀርባው ላይ ነው፤ ከኋላ ወደ ፊት ዘንበል ብለው የሚወርዱ። አፉን ስትከፍተው ሹል ጥርሶች አሉት። ስኪፕጃክ የሚባለው ቱና ደግሞ ጀርባው ንጹሕ ነው፤ መስመሮቹ ያሉት ሆዱ ላይ ነው። ሦስተኛው ትንሹ ቱና ነው። እሱ ጀርባው ላይ እንደ ሞገድ የተጠማዘዘ መስመር፣ ከጎን ክንፉ ሥር ደግሞ ጥቂት ጥቋቁር ነጠብጣብ አለው፤ ጣት ያቆሸሸው ይመስላል።

አዲስ ዘንግ

እህቴ፣ ቦኒቶ ነው። የገባው አምስተኛው መስመሩ ጀርባው ላይ ነበር፤ ሦስተኛውም እንደዚሁ። ጥርሱንም አይቻለሁ፤ መንጠቆውን ስፈታ ጣቴን ጭሮኛል። አራተኛውን ግን አላየሁትም።

ከቋጥኝ ላይ

እንግዲያው አራተኛውም ከዚያው መንጋ ነው፤ ጥርሱ ነው የቆረጠብህ። ጂጉን ሙሉ በሙሉ ውጦት ነበር ማለት ነው። ይሄ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ጂጉ ቀስ ብሎ ሲሄድ ነው። ቀስ ብሎ ሲሄድ ጊዜ አግኝቶ ከኋላ ይውጠዋል። ሲፈጥን ግን አፉ ጥግ ላይ ይይዘዋል፤ ጥርሱም ከክሩ ይርቃል። የብረት ሊደር አድርግ የሚሉህ ይኖራሉ። አታድርግ፤ የሚመታህ ይቀንሳል። ይልቅ ከየዓሣው በኋላ የሊደሩን የመጨረሻ አንድ ክንድ በጣትህ ዳስሰው። ሻካራ ነገር ካገኘህ ቁረጥና እንደገና ቋጥር። ሁለት ደቂቃ ነው።

እጀታውን ምን ያህል ነው የምታዞረው? ሪልህ ፈጣን ዓይነት ከሆነ በአንድ ዙር ወደ 1 ሜትር ክር ይሰበስባል። እኔ ጂጉ ውሃ ከነካ በኋላ ሦስት እቆጥራለሁ፤ ከዚያ እጄ እስኪዝል አዞራለሁ። ብዙ ጀማሪ ዓሣው እንዲደርስበት ብሎ ያዘገማል። እመነኝ፣ ይደርስበታል። እኔ ከዚህ ቋጥኝ ላይ ሆኜ ከሱ አምልጦ የሄደ ጂግ አላየሁም።

ለእኔ ትልቁ ደስታ እዚህ ላይ ነው። ጀልባ ያለው ሰው መንጋውን ይከተላል። እኔ እጠብቃለሁ። ሁለት ሰዓት ባዶ ውሃ እያየሁ ልቆም እችላለሁ። ከዚያ በስተቀኝ ትንንሾቹ ዓሣዎች እንደ ዝናብ ጠብታ ውሃውን ይረጫሉ። ሁለት ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ለመወርወር ነው ጊዜ ያለኝ። ባለፈው በነጠረ ብርሃን ጂጉ ሲመለስ እያየሁት ነበር፤ ብልጭ ብልጭ ይላል። ከኋላው አንድ አረንጓዴ ጥላ ታየኝ። ደግሞ ሌላ። ሦስት ሆኑ። ከእግሬ አምስት ሜትር ላይ አንዱ ከመሐል ፈትለክ ብሎ ወጣ። ዘንጉ ከእጄ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ከዚያ የፍሬኑ ጩኸት። ለእኔ ጠዋት ማለት ይሄ ነው።

ጀልባ ላላችሁ ደግሞ ልመና አለኝ። በመንጋው መሐል በሞተር አትለፉ። ይሰምጣል፤ ለአንተም ለሌላውም ይጠፋል። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ዞራችሁ ሞተሩን አጥፉና ነፋሱ ይውሰዳችሁ። ወርውሩ ደግሞ ከጫፍ ላይ፤ መንጋው ከሚሄድበት ትንሽ ቀደም አድርጋችሁ። ወፎቹን እዩ። ከፍ ብለው አንገታቸውን ደፍተው የሚያንዣብቡ ከሆነ ዓሣው ገና ጥልቅ ነው። መወርወር ሲጀምሩ ወጥቷል።

አዲስ ዘንግ

ጋሼ የንጋት ጀልባ፣ እህቴ ከቋጥኝ ላይ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሚዛኑን ሞከርኩት። የኔ ፍሬን 4.2 ኪሎ ላይ ነው የሚለቀው! በጣቴ ስጎትተው ልል መስሎኝ ነበር።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። አንዳንዱን መልሼ መልቀቅ እፈልጋለሁ። ቅዳሜ የገባውን ግን ለመልቀቅ ስሞክር ጎኑ ላይ ተኝቶ ተንሳፈፈ፤ መልሼ አወጣሁት። የምወስደውስ እንዴት ነው የሚያዘው? እና ሁለት ኪሎ ትንሽ ነው ወይ? ጓደኛዬ ያሾፍብኛል።

የንጋት ጀልባ

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አብዛኛው የሚያዘው ከአንድ እስከ ሦስት ኪሎ ነው። በዓለም አቀፉ የስፖርት ዓሣ አጥማጆች መዝገብ ላይ ያለው ትልቁ የአትላንቲክ ቦኒቶ 8.3 ኪሎ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 አዞረስ ደሴቶች ላይ የተያዘ። ያንተ ሁለት ኪሎ ጨዋ ዓሣ ነው።

መልቀቅ ከፈለግክ አንድ ነገር አስታውስ፦ ሳይዋኝ አይተነፍስም። ሌላ ዓሣ ውሃ ውስጥ ይዘህ እስኪበረታ ታስታምመዋለህ። ቦኒቶን እንደዚያ ቀስ ብለህ ውሃው ላይ ካስተኛኸው ይታፈናል። ጅራቱ ሥር ያዘው፣ በሌላ እጅህ ከሆዱ በታች ደግፈው፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርገህ እንደ ጦር ወርውረው። ኃይል ያለው ይሁን። በዚያ ፍጥነት ውሃው በአፉ ገብቶ በስንጥቡ ያልፋል፤ ጅራቱም ሥራውን ይጀምራል። ከውሃ ውጪ ያለበት ጊዜ ደግሞ አጭር ይሁን። ፎቶ ካማረህ ስልኩ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። እጅህንም አርጥብ። ከስንጥቡ ደም እየወጣ ያለን ዓሣ ግን አትልቀቀው፤ እሱን ውሰደው።

ስለምትወስደው ጠንከር አድርጌ ነው የምናገረው፤ ብዙ ሰው ችላ ስለሚለው። ዓሣው እንደገባ ጭንቅላቱን መትተህ ግደለው። ወዲያው ስንጥቡን ቁረጥና ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርገህ ባልዲ የባሕር ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ደሙን አፍስሰው። ከዚያ ቀጥታ የበረዶ ሳጥን ውስጥ። በረዶውን ብቻውን አታድርገው፤ የባሕር ውሃ ጨምርበትና እንደ ገንፎ ይሁን፤ ያን ጊዜ ዓሣውን ከሁሉም በኩል ይነካዋል።

ቦኒቶና ዘመዶቹ ፀሐይ ላይ ከቆዩ ሥጋቸው ውስጥ ባክቴሪያ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይሠራል። ፊት ያቀላል፣ ራስ ያማል፣ ሰውነት ያሳክካል፣ ልብ ያስመታል። ክፋቱ አንዴ ከተፈጠረ ብትቀቅለውም ብታቀዘቅዘውም አይጠፋም። ሽታውም ላያስታውቅህ ይችላል። ስለዚህ በረዶ ካልያዝክ ዓሣ አትያዝ። እኔ በረዶው ሲያልቅ ማጥመዱንም አበቃለሁ፤ ወፎቹ ቢጨፍሩም። ስንት ዓሣና ስንት ሴንቲሜትር እንደሚፈቀድም ያለህበትን ቦታ ደንብ እይ።

ስትመለስ ሪልህን በለስላሳ የቧንቧ ውሃ እጠበው፤ ኃይለኛ ውሃ አትርጭበት፣ ጨዉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ስታጥበው ፍሬኑን አጥብቀው። ከደረቀ በኋላ ሙሉ በሙሉ አላላው። ሁልጊዜ ጠብቆ የሚያድር ፍሬን ነው ጠዋት ላይ የሚነክሰው።

አዲስ ዘንግ

ዛሬ ወጥተን ነበር። እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ እየጻፍኩ ነው።

ፍሬን 1.7 ኪሎ። ነጠላ መንጠቆ፣ ጥርሱ የተጨፈለቀ። ቋጠሮዎቹን ሌሊት ሦስት ጊዜ ሠርቼ ሁለቱን በጨርቅ ስስብ በጠስኳቸው፤ ሦስተኛው ያዘ። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ወፎቹን ዞርናቸው። ጓደኛዬ ሞተሩን አጠፋ። ያ ጸጥታ ደስ ሲል! ጀልባው ሲንሳፈፍ የትንንሾቹ ዓሣዎች መርጨት ይሰማል።

አራት መቱኝ፤ ሦስት ገቡ። አንዱ አፉ ላይ በደንብ ሳይያዝ ወለቀ። የመጀመሪያው ሲሮጥ እጄ አሁንም ወደ ፍሬኑ ሄዶ ነበር። ጋሼ የነገሩን አዛውንት ትዝ አሉኝና እጄን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። ከዚያ ቆመ። እኔ ምንም አላደረግኩም። ራሱ ነው የቆመው። ጓደኛዬ በስልኩ ሰዓት ይዞ ነበር፤ ከመታኝ እስከ መረቡ ድረስ አራት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ።

ሁለቱን በረዶ ውስጥ አደረግን። ሦስተኛውን ለቀቅኩት። ጅራቱን ስይዘው ክንዴ ድረስ ይንዘረዘረኝ ነበር፤ ሞተር የያዝኩ ያህል። ጀርባው ሰማያዊ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ መስመሮቹ ላይ ደግሞ ገና ሐምራዊ ነገር አለ። የሞቱት ላይ ይሄ ቀለም ወዲያው ነው የጠፋው። ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጌ ወረወርኩት። አረፋ፣ ከዚያ አንድ ጭረት፣ ከዚያ ምንም። ጓደኛዬ «የት ሄደ?» አለ። ከዚያ ዘንጌን ስጠኝ አለኝ። እስክንመለስ ድረስ አልመለሰልኝም።

ጨው ውሃ

እንኳን ደስ ያለህ። አራት ደቂቃ ከሃያ እኔ በወፍራሙ ከማወጣበት ብዙም አይርቅም። አልጠበቅኩትም።

የሚዛኑን ነገር ማታ እኔም ሞከርኩት። የኔ 6 ኪሎ አልፎም አልለቀቀም። ከገዛሁት ጀምሮ እንዲህ ነበር ማለት ነው። ከቋጥኝ ላይ፣ አንቺ የምትይዢው ዘንግ ስንት ሜትር ነው? እኔም ወደ ባሕር ዳሩ ቋጥኝ ወርጄ ልሞክረው እያሰብኩ ነው።

ከቋጥኝ ላይ

2.7 ሜትር፣ እስከ 40 ግራም የሚወረውር። ጫማህ የማያንሸራትት ይሁን፤ ጀርባህን ለሞገዱ አትስጠው። ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት እዚያ ድረስ።